ጥቁር ገበር

መርሳ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ዓመቱን በጨርቅ የምትቆጥር ሴት አለች። አልታየች ትባላለች። ነሐሴ ሲጋመስ ቢጫ ሪባን ታወጣለች፤ የእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች ፀጉራቸው ላይ የሚሰኩት አበባ ይፈልጋሉ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰማያዊ ላስቲክ ትለብጣለች። አረፋ ሲቃረብ የሂጃብ ስፒል ራስ ላይ ትንንሽ ዶቃ ትተክላለች። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ ጭቃ የማያሳይ ቡናማ ክር መርጣ በኪሮሽ የአንገት ልብስ ትሠራለች። የገና ጾም ሲገባ ደግሞ ጥለት መሰብሰብ ትጀምራለች፤ ጥምቀት የጥለት በዓል ነውና።

ዕቃዋ ብዙ አይደለም። መቀስ፣ የመርፌ ቆርቆሮ፣ ኪሮሽ፣ ሙጫ። ሌላው ሁሉ ሰው የጣለው ነው። ከሃይላንድ ጠርሙስ ወገብ ላይ ቀለበት ቆርጣ ጥለት ትጠመጥምበታለች፤ አምባር ይሆናል። የአሮጌ ኮት ቁልፍ በጨርቅ ትለብጥና ከጀርባው ሽቦ ታስርበታለች፤ ጉትቻ ይሆናል። ከሁሉ የሚፈለገው ግን ከግንባር እስከ ማጅራት የሚዞረው የፀጉር ማሰሪያዋ ነው። ከላይ ጥለት፣ ከውስጥ ገበር፣ ከኋላ ላስቲክ፤ ሌላ ነገር የለውም። የሚያዩት ሁሉ "ይኼንማ እኔም እሠራዋለሁ" ይላሉ። "ሥሪው" ትላለች አልታየች፤ አቆራረጡንም ታሳያቸዋለች። ሞክረው ሞክረው ተመልሰው ይመጣሉ።

ጥለቱን የምታገኘው መንገድ ዳር ሱቅ ካለው ልብስ ሰፊ ከኡበይደላ ነው። ኡበይደላ ከስፌት መኪናው ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ለማንም አይሰጥም፤ በጆንያ አጠራቅሞ ለእሷ ያቆይላታል።

እሷ ራሷ ግን ከሠራችው አንዱንም አታደርግም። ልጇ ራሄልም አታደርግም። የከተማው ልጃገረድ ሁሉ በበዓል ቀን የአልታየችን የእጅ ሥራ በራሱ ላይ አስሮ ሲወጣ፣ እናትና ልጅ ዓመድ የመሰለ ቀሚስ ለብሰው፣ ጥለት የሌለው ነጠላ ደርበው ከሰው ኋላ ይሄዳሉ። ነጭ አይደለም፣ ጥቁርም አይደለም።

አልታየች ጥቁርን የማታውቅ ሴት አይደለችም። ባሏ ደሞዜ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ታሞ ሞተ። ያን ጊዜ ቀሚሷን ጥቁር አስነክራ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ ሽቅብ አድርጋ ተቀመጠች። ዓመቱ ሞልቶ ተዝካሩ ከወጣ በኋላ የሰፈር ሴቶች መጥተው ጥቁሩን አወለቁላት፣ ፀጉሯን ቀቧት፣ ነጠላዋን ገለበጡላት። ጥለቱ ወደ ታች ወረደ። ጥቁር ለአልታየች እንደ ቤት ነበር፤ መግቢያም መውጫም በር አለው። ሰው ይገባበታል፣ ያለቅስበታል፣ በሌላኛው በር ይወጣል።

ለልጇ ለይታገሱ ግን መግቢያውን አጣችው።

ይታገሱ የበኩር ልጇ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ሲያጣ፣ እንደ ብዙው የሀብሩ ወረዳ ወጣት፣ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ሊሻገር ወጣ። የኡበይደላ የወንድም ልጅ ሙሄዲን አብሮት ነበር። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ሙሄዲን ታሞ ወደ ኋላ ቀረ። ይታገሱ ያን ቀን ለእናቱ ደወለ።

"እማ፣ ነገ እንሻገራለን። ስደርስ እደውላለሁ።"

"በልተሃል?"

"በልቻለሁ። ሱሪዬን ግን ለማንም እንዳትሰጪብኝ" አለ እየሳቀ። የትምህርት ቤት ሱሪውን ማለቱ ነበር፤ ኡበይደላ የሰፋለትን ጥቁር ሱሪ። ይወደው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስልክ የለም። አንዲት ጀልባ ተገለበጠች ተባለ፤ እሱ ያለባት ትሁን ሌላ የሚያውቅ አልተገኘም። ከሞቱት መካከል ስሙ አልተጠራም፤ ከዳኑትም መካከል አልተጠራም። ሙሄዲን ድኖ ወደ መርሳ ተመለሰና ባጃጅ መንዳት ጀመረ፤ አልታየችን መንገድ ላይ ሲያይ ግን ባጃጁን አዙሮ በሌላ በኩል ይሄዳል። እሱን ጠልታው አታውቅም። እሱ ግን እንዴት ዓይኗን እንደሚያይ አላወቀበትም።

ሦስት ጥምቀት አለፈ። ጥቁር ብትለብስ በእጇ የቀበረችው ይመስላታል። ቀለም ብትለብስ የረሳችው ይመስላታል። ሱሪውን በየጊዜው ታጥባለች፣ ታጥፋለች፣ መልሳ ግድግዳው ላይ ታንጠለጥላለች።

በአራተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ሽማግሌ መጣ። ሮቤል የሚባል የወልድያ መካኒክ ራሄልን ፈልጎ ነው። ራሄል ሲሪንቃ፣ ግብርና ምርምሩ ማሳ ላይ በቀን ሥራ ትሠራለች፤ ሮቤል የቆመ ትራክተር ሊጠግን ሄዶ ነው ያያት። ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ሁሉ በጥንቃቄ ነበር። "ቤቱ ሐዘን ካለበት ሐዘኑ እስኪወጣ እንጠብቃለን" አሉ። "ከሌለበት ደግሞ ጥር ደግ ወር ነው።"

አልታየች አለ ማለት አልቻለችም፤ የለም ማለትም አልቻለችም። "ከገና በፊት መልስ እልካለሁ" ብላ ሸኘቻቸው።

ይህን ሁሉ ከአጥር ማዶ የሰማች ሰው ነበረች። የሻረግ ትባላለች፤ ልቧ ደግ፣ አፏ ስለት የሆነ ጎረቤት ናት። በማግስቱ መጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ወይ አልቅሺ ወይ እልል በይ" አለቻት። "እንዲህ መሀል ላይ የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም።"

"ፈልጌ መሰለሽ የቆምኩት?"

"አልመሰለኝም። ልጅቱስ ምን አጠፋች? ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይላል ሰው። የእሷ ቀሚስ ሣጥን ውስጥ ብል ሊበላው ነው።"

"ብል አይበላውም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አድርጌበታለሁ።"

"እኔ ስለ ብል ነው የማወራሽ?"

አልታየች ክሯን በጥርሷ በጠሰች። "ሳልረዳ ጥቁር አልለብስም፣ የሻረግ። መርዶ የነገረኝ ሰው የለም።"

"እሺ፣ አትልበሺ። ዳሪያትና እንብላ።"

"ወንድሟ የት እንደወደቀ ሳላውቅ ከበሮ ላስመታ?"

የሻረግ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። "እንግዲያው ሁለታችሁም ሳይለበስ እንደ ከረመ ልብስ ታጥፋችሁ ኑሩ" ብላ ሄደች።

ራሄል በበኩሏ "አንቺ እሺ ካላልሽ አልሄድም" ብቻ አለች፤ ደግማም አላነሣችው። ማለዳ ተነሥታ ሲሪንቃ ትሄዳለች፤ ማታ አፈር የነካው እጇን ታጥባ ለእናቷ ክር ትፈታላለች። አልታየችን ከየሻረግ ምላስ ይልቅ የጎዳት ይህ ዝምታ ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ የጥምቀት ትእዛዝ በዛ። አንድ ቀን ሜላት የምትባል፣ ወልድያ የምትማር የሰፈር ልጅ፣ ለመስቀል የገዛችውን የፀጉር ማሰሪያ ይዛ መጣች።

"እትዬ አልታየች፣ አትቆጪኝና ይኼን እዪልኝ።"

ገለበጠችው። ነጩ ገበር በቅቤ ወይቧል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ቅቤው ጥለቱንም ነክቶታል።

"ቅቤ ተቀብተሽ ነው ያሰርሽው?"

"ቅቤ ሳልቀባ ምኑን በዓል ሆነ?"

አልታየች ማሰሪያውን ወደ ብርሃን አድርጋ አገላብጣ አየችው። ገበሩን ነጭ ያደረገችው የምታገኘው ቁርጥራጭ ነጭ ስለሆነ ብቻ ነበር። ለካስ እስከ ዛሬ የሸጠችው ሁሉ እንዲህ ወይቦ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቅቤ የማያሳይ ምን ቀለም ነው ብላ አሰበች። ቡናማ ከጥለቱ ጋር አይሄድም፤ ሰማያዊ ይወይባል። ጥቁር ነው የሚሆነው። ጠበቅ ያለ፣ ስስ፣ ጥቁር ጨርቅ። ሥራ ስትይዝ እንዲህ ናት፤ ሐሳቧ ከመርፌዋ ጫፍ አይርቅም። ጥቁር መግዛቷ ሌላ ነገር ይመስል እንደሆነ በልቧ አላለፈም።

ኡበይደላ ሱቅ ሄደች።

"አያ ኡበይደላ፣ ስስ ጥቁር ጨርቅ ይኖርዎታል?"

የስፌት መኪናው ቆመ።

"ጥቁር?"

"ጥቁር። በዛ ያለ ነው የምፈልገው።"

ኡበይደላ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑንም ወዲያው መለሰ። ሴት ጥቁር ጨርቅ ልትገዛ ስትመጣ ለምን ተብላ አትጠየቅም፤ ይህን የማያውቅ ልብስ ሰፊ በመርሳ የለም። ከመደርደሪያው አውርዶ ዘረጋው፣ ለካ፣ ቆረጠ፣ ቀስ ብሎ አጥፎ በሁለት እጁ ሰጣት።

"አላህ ሰብሩን ይስጥሽ" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አሜን" አለች አልታየች። በዓል ደርሶ ሥራ ስለበዛባት ትዕግሥት የተመኘላት መሰላት።

አዲስ ጥቁር ጨርቅ ሳይታጠብ ገበር ከሆነ ቀለሙን ግንባር ላይ ይተዋል። ስለዚህ በጨው ውኃ ዘፍዝፋ አሳደረችው። ሲነጋ፣ ራሄል ሥራ ከሄደች በኋላ፣ አለቅልቃ አጥሩ ላይ ዘረጋችውና ላስቲክ ልትገዛ ወልድያ ወጣች።

ከወልድያ የተመለሰችው ከቀትር በኋላ ነው። ከሚኒባሱ ስትወርድ ብርቱካን የሚሸጥ ጎልማሳ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ከኋላዋ ትልቅ ሰው የመጣ መስሏት ዞር ብላ አየች፤ ማንም የለም። ትንሽ እንደ ሄደች አንዲት የምታውቃት ሴት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ቆመች። ከዚያ አንድ ባጃጅ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ሙሄዲን ነው። ያ ሲያያት መንገድ የሚቀይረው ሙሄዲን።

"እትዬ፣ ግቢ። ላድርስሽ" አለ። መሬት መሬት ያያል።

"ምነው ሙሄዲን?"

"ግቢ በአላህ።"

ገባች። ሙሄዲን ራሱ ሊወስዳት ከመጣ፣ ያ ባሕሩ ዳር የቀረው የይታገሱ ነገር መጨረሻው ተሰምቷል ማለት ነው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

ደጇ ላይ ድንኳን ቆሟል። ቅሬው ነው የተከለው፤ በሰፈሩ ሐዘን ሲደርስ ክርስቲያንም ሙስሊምም አንድ ላይ ሆኖ የሚቀብርበት፣ የሚያስተዛዝንበት ማኅበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን አንገታቸው ላይ አድርገው መሬት ተቀምጠዋል። አልታየች ከባጃጁ ስትወርድ ለቅሶው ባንድ ጊዜ ተነሣ።

ሦስት ዓመት ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ሰዎች በሁለት ክንዷ ደግፈዋት፣ የጨርቅና የመርፌ ወሬ እንጂ ግጥም የማይወጣው የሚመስለው አፏ ሙሾ አወጣ፦

"ሱሪህን አጥፌ ጠብቄህ ነበረ፣
ገላህን ማን አጥፎት ባሕር ላይ አደረ?"

ሴቶቹ ተቀበሏት። ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ግን አልታየች ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላላ ተሰማት፤ ለረጅም ጊዜ ጨብጣ የያዘችው እጅ ጣት በጣት እንደሚፈታ ያለ ነገር። አወቅሁ፣ አለች በልቧ። አሁንስ አወቅሁ።

ብዙም ሳይቆይ ራሄል ደረሰች። ሰው ሄዶ ከማሳው አምጥቷታል፤ እጇ ላይ አፈር አለ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሰውን ገፍታ ገብታ እናቷ ፊት ተንበረከከች።

"እማ፣ ከማን ሰማሽ?"

አልታየች ቀና አለች። "እኔ?"

"አዎ። ማን ነገረሽ?"

"እኔ ምን ሰማሁ? የሰማችሁት እናንተ አይደላችሁም ወይ?"

ለቅሶው ከአጠገባቸው ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ቆመ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ መላኩ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ መሀል መጡ። ብዙ ሰው የቀበሩ፣ ብዙ መርዶ ያረዱ ሽማግሌ ናቸው። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም።

"ወሬውን ያመጣው ማን ነው?" አሉ።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

"ሙሄዲን፣ አንተ ነህ?"

"እኔ ከአጎቴ ነው የሰማሁ።"

ኡበይደላ ከወንዶቹ መሀል ብድግ አለ። "እኔ ምንም አልሰማሁም። ጥቁር ከእኔ ገዛች እንጂ። ጠዋት ደግሞ ለቅሶ ስሰማ፣ ያልኩት ደረሰ አልኩ።"

"ቀድሞ ያለቀሰስ ማን ነው?"

የሻረግ እጇን ወደ አጥሩ ዘረጋች። "እኔ ነኝ። ተነሥቼ ባይ፣ ጥቁር ጨርቅ ታጥቦ ተሰጥቷል። ቤቱ ዝግ ነው። ሌሊት ተረድታ፣ ብቻዋን አስነክራ፣ ብቻዋን ወደ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነው ብዬ እሪ አልኩ። ምን ልበል ጋሽ መላኩ፣ አንቱስ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር?"

ሁሉም ወደ አጥሩ ዞረ። ጨርቁ ደርቋል። ነፋስ ስለሌለ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል።

"ገበር ነው" አለች አልታየች።

"የምን ገበር?" አሉ ጋሽ መላኩ።

"የፀጉር ማሰሪያ ገበር። ቅቤ እንዳያሳይ።"

የሻረግ "ቅቤ እንዳያሳይ" ብላ ደገመችው፤ ሣቋ አመለጣት፤ አፏን ልትይዝ እጇን ስታነሣ ሣቁ ለቅሶ ሆነባት። "አፌን ይቁረጠው" አለች። "በቁሙ አለቀስኩበት።"

ጋሽ መላኩ አልታየች አጠገብ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ስሚኝ። ስህተት ነው፤ ስህተትም ሆኖ ሰው አልቅሷል። ድንኳኑ ቆሟል። አንቺም አልቅሰሻል። አንድ ጊዜ የወጣ እንባ አይመለስም። እንዲሁ ይቀጥልና የልጁ ይሁን። ፍትሐቱም ይደረግ። ዓመት ሲሞላ ጥቁሩን እናወልቅልሻለን፤ ራሄልም ትዳራለች።"

ሰው ሁሉ ይጠብቃል። አልታየች በሩ እንደ ተከፈተላት ታውቃለች። ሦስት ዓመት የፈለገችው በር ነው፤ መርዶ ነጋሪ ሳይኖር፣ በአንድ ጨርቅ ስህተት፣ ተከፍቷል። ብትገባበት ማንም አይወቅሳትም።

"ጋሽ መላኩ" አለች፣ "አንቱ ደግ አስበዋል። ግን የምታለቅሱት ያወቃችሁ መስሏችሁ ነው፤ እኔም ያለቀስኩት ያወቅሁ መስሎኝ ነው። አሁን ማንም እንደማያውቅ አወቅን። በጨርቅ ልጄን አልቀብርም። ድንኳኑ ይውረድልኝ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይወርዳል።"

"ሰው ግን አይሂድብኝ" አለች አልታየች። "ንፍሮው ተቀቅሏል። ተቀመጡ።"

ወንዶቹ ድንኳኑን ነቀሉ። ሴቶቹ እንደ ተቀመጡ ቀሩ፤ ንፍሮው ዞረ። ማንም ምን እንደሚባል አያውቅም። ሐዘን ቤት አይደለም፣ እግዜር ያጥናሽ አይባልም፤ የደስታ ቤትም አይደለም። የሻረግ ተነሥታ ጥቁሩን ጨርቅ ከአጥሩ ላይ ሳበችና አልታየች ጭን ላይ ጣለችው።

"ቁረጪው በይ። ነገ ደግሞ ሌላ አንድ ሞኝ አይቶት እንዳይጮህ።"

አልታየች መቀሷን አመጣች። ጨርቁን አጠፈች፣ መቁረጥ ጀመረች። የሻረግ ሳትጠየቅ መርፌ አነሣች። ከዚያ አንዷ፣ ከዚያ ሌላዋ። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ "ይኼን እንዴት ነው የምታጥፊው?" "ወደ ውስጥ፣ ጫፉን ደብቂው" እየተባባሉ፣ ለጥምቀት የሚደረገውን የፀጉር ማሰሪያ ጥቁር ገበር ሰፉ። ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል ተነሡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው ነጠላቸውን ገለበጡ፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው ሄዱ።

ኡበይደላ የመጨረሻው ነበር። "ይቅር በይኝ" አላት። "መጠየቅ ነበረብኝ።"

"እንዲህ ያለ ነገር ማን ይጠይቃል፣ አያ ኡበይደላ። እኔ መናገር ነበረብኝ።"

እናትና ልጅ ብቻቸውን ሲቀሩ ራሄል የተራረፈውን ክር ከመሬት ትለቅም ጀመር። አልታየች ለቄስ እንኳን ልትናገረው የማትደፍረውን ነገር ለልጇ ተናገረች።

"ራሄል፣ ሲያለቅሱ፣ ሞተ ብዬ ሳምን፣ ዐረፍኩ።"

ራሄል ቀና አላለችም። "እኔም መንገድ ላይ ዐርፌ ነበር" አለች።

አልታየች ልጇን አየቻት። እስከ ዛሬ ሸክሙን ብቻዋን የተሸከመች ይመስላት ነበር። ልጂቱ በዚያ ዓመድ ቀሚስ ውስጥ፣ ሳትናገር፣ እኩል ይዛው ኖራለች፤ ወጣትነቷም አብሮ ታጥፎ ተቀምጧል።

"ለሽማግሌዎቹ ጥር ይሁን ብዬ እልካለሁ" አለች። "ሐዘን የለብንም አልልም። ያለብን ሐዘን መውጫ ቀን የለውም፤ መውጫ ቀን የሌለውን ነገር እንዴት ጠብቁ እላቸዋለሁ?"

ራሄል ክሩን እንደያዘች ተቀመጠች። ከዚያ በጣቷ ላይ ጠምጥማ መርፌው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠችው።

ጥምቀት መጣ፤ ማሰሪያዎቹ ሁሉ አለቁ። የራሄልን ግን አልታየች አልሠራችውም ነበር። ሠርጉ ሲቃረብ፣ ከሁሉ ያማረውን ጥለት አውጥታ ቆረጠች። ገበር ስትፈልግ የገዛችው ጥቁር አልቋል። ባያልቅ እንኳን ከእሱ አታደርገውም ነበር። ግድግዳው ላይ ወዳለው ሱሪ ሄደች።

ኡበይደላ ያን ሱሪ ሲሰፋ እግሩን አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፎ ነበር፤ ልጁ ቁመት ሲጨምር እንዲፈታ። ይታገሱ ግን ከዚያ ወዲያ አልረዘመም፤ እጥፋቱ ሳይፈታ ቀረ። አልታየች ስፌቱን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ፈታች። ውስጡ ፀሐይ ያላየው፣ እንደ አዲስ የጠቆረ ጨርቅ አለ፤ የኡበይደላ የጠመኔ መስመር እንኳን አልጠፋም። የታጠፈውን ብቻ ቆረጠች። ሱሪውን ይዛ ወደ ኡበይደላ ሄደች።

"ጫፉን ይስፉልኝ፤ እንዳይተረተር።"

ኡበይደላ ሱሪውን አወቀው። እግሩን በጣቱ ዳሰሰ።

"ከእንግዲህ ማስረዘም ቢፈልግ ጨርቅ የለውም" አላት።

"ቁመቱን ጨርሶ ነው የሄደው። ቢመጣ ልኩ ነው።"

ኡበይደላ የስፌት መኪናውን አዞረ፤ አንዱን እግር ሰፋ፣ ሌላውን ሰፋ። አልታየች ቤቷ ተመልሳ ሱሪውን በቦታው ሰቀለችው።

በሠርጉ ጠዋት የሻረግ ማልዳ መጣች። ሌላ ሥራ ያላት መስላ ጓዳ ገባች ወጣች፤ ዓይኗ ግን አልታየች ነጠላዋን እንዴት እንደምትደርብ ለማየት ነበር። አልታየች ጥለት ያለውን ነጠላ ከሣጥን አወጣች፤ አራገፈችው፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ደረበችው። የሻረግ ያን አይታ ወደ ውጭ ወጣች።

ራሄል ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ቅቤ ተቀብታ ተቀምጣለች። እናቷ ማሰሪያውን ሰጠቻት። ራሄል ልታስረው ስትል ገለበጠችው። ገበሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ የሌሎቹ ስስ ነው፣ ይህ ወፈር ይላል። ጫፉ ላይ የደበዘዘ የጠመኔ መስመር አለ።

"ይኼ የሌሎቹ ዓይነት አይደለም" አለች።

"አይደለም።"

ራሄል ግድግዳውን አየች። ሱሪው እንዳለ አለ፤ እግሩ ላይ አዲስ ስፌት አለው። ወደ እናቷ አልዞረችም። ማሰሪያውን አንሥታ ግንባሯ ላይ አደረገችው፤ ጥቁሩን ወደ ገላዋ፣ ጥለቱን ወደ ውጭ። አልታየች ከኋላ ላስቲኩን አስተካከለችላት።

የሮቤል ሚዜዎች መኪና ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ተሰማ። የሻረግ ደጅ ላይ እልል አለች። ራሄል ተነሥታ ወጣች፤ ደጁን የሞላው ሰው ያየው ጥለቱን ነበር።